ተረብ እንዴት ለመድኩ

«ቀልድና ቅዘን ቤት ያበላሻል» እየተባለ ነው ያደግኩት። ቁም ነገረኛ ልጅ ማለት ዝም የሚል ልጅ ነበር። እና አሁን የምሠራበት ቢሮ ስገባ ከሥራው ይልቅ ያስጨነቀኝ ምሳ ሰዓት ነው። ትሪ ከበን በያይነቱ እየበላን ሁሉም ይተራረባል፣ እኔ አንገቴን ደፍቼ እጎርሳለሁ።

መጀመሪያ የለመድኩት ሰው መተረብን ሳይሆን ሲተርቡኝ መቻልን ነው። አንዱ «ቀስ በል እንጂ፣ ትሪው የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ነው» አለኝ። ድሮ ቢሆን ቁርስ ሳልበላ እንደወጣሁ ማስረዳት እጀምር ነበር፤ ተረብን እንደ ማብራሪያ የሚገድለው ነገር የለም። «ምን አስጨነቀህ፣ ፈርሜ ነው የወሰድኩት» አልኩ። ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ሆዳም የሚል ስም ወጥቶልኛል፤ ስም ካልወጣልህ ገና እንግዳ ነህ ማለት ነው።

ከዚያ ጎበዝ ተራቢ ማን እንደሆነ ማየት ጀመርኩ። የሚጮኸው አይደለም። የእኛ ቢሮ ቁንጮ ሹፌራችን ጋሼ ናቸው፤ ሲያዳምጡ ቆይተው አንድ ነገር ጣል ያደርጉና ዝም። የሚነኩት ደግሞ ሰው ራሱ የመረጠውን ነው። የአርሴናሉን ልጅ፣ ክለቡ በ2004 እ.ኤ.አ. ሳይሸነፍ ዋንጫ የበላበትን ዘመን ባነሣ ቁጥር፣ «እሱን እንኳ አባትህ ነው የሚያወራው» ይሉታል። መልክ፣ ደሞዝ፣ ብሔር ግን አይነኩም። «መቼ ነው የምታገቢው?» የሚለውም ለእኔ ጨዋታ አይደለም፤ ልጅቷ ቤቷ በየቀኑ የምትሰማውን ምሳ ላይ ማምጣት ነው።

ጋሼን መተረብ ግን ሌላ ትምህርት ነው። እስኪጀምሩኝ ጠበቅኩ፣ ስጀምርም «እርስዎ»ን አልጣልኩም። «ጋሼ፣ ቅድም ፍሬን ነው የረገጡት ወይስ ጸሎት ላይ ነበሩ?» ስላቸው፣ «አንተ ከምሳ በኋላ ስትሳፈር ፍሬን አይዝም፣ ጸሎት ነው የሚያዋጣው» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። መሸነፍም የጨዋታው ክፍል ነው፤ ሁሌ ማሸነፍ የሚፈልግ ሰው ጋር መጫወት ያደክማል።

ቁም ነገረኛ አይቀልድም የሚሉኝ ዘመዶቼ ሁሉ የአለቃ ገብረ ሐናን ቀልድ ሲያወሩ ያመሻሉ። ሰውየው ግን ስማቸው ተክሌ አቋቋም ከሚባለው የዝማሬና የሽብሸባ ስልት ጋር የሚነሣ ትልቅ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ነበሩ። ሊቅነታቸውን ቀልዱ አልቀነሰባቸውም። ቅኔውስ ቢሆን፣ ሰሙ ምስጋና ሆኖ ወርቁ ሲነቁር ማን ያዝንበታል?

አንዳንዱ «ሙድ አይገባህም»፣ «አታካብድ» እያለ ያቆሰለውን ሰው መልሶ ጥፋተኛ ያደርጋል። ይሄን አልወደውም። ሰው ፊቱ ሲጠቁር ካየሁ ወሬ እቀይራለሁ፣ ካኮረፈም ቡና እጋብዛለሁ፣ ይኸው ነው። ለዚህ ነው ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ማንንም የማልተርበው። እዚያ ፊት አይታይም፣ የጋሼ ዝምታም አይሰማም፣ የጻፍከውን ደግሞ ሰውየው ማታ ብቻውን ደጋግሞ ያነበዋል። እዚያ የስብሰባ ሰዓት ብቻ ነው የምጽፈው።