የቅድመ አያቴ ውጅግራ ይታደስ ወይስ እንዳለ ይቆይ?

አባቴ ካረፉ በኋላ ደሴ በሚገኘው ቤታችን ጓዳ ውስጥ በአሮጌ ጋቢ ተጠቅልሎ የኖረው የቅድመ አያቴ ውጅግራ በእኔ እጅ ገባ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያን ያለ ፈቃድ መያዝን ስለሚከለክል፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጉዳዩን ለፖሊስ አሳወቅሁ። ከዚያ በኋላ የቀረኝ ከባዱ ጥያቄ ጠመንጃው ይታደስ ወይስ አይታደስ የሚለው ነበር።

ውጅግራ የሚለው ስም የመጣው ፈረንሳዮች «ፉዚ ግራ» ከሚሉት ነው፤ ግራ ጠመንጃውን የነደፈው መኮንን ስም ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1874 የተሠራው ይህ ጠመንጃ በጥቁር ባሩድ የሚተኮስ ባለ 11 ሚሊ ሜትር ጥይት አንድ በአንድ የሚጎርስ ሲሆን፣ ፈረንሳይ በ1886 ለቤል የተባለውን አዲስ ጠመንጃ ስትይዝ አሮጌው ወደ ሌሎች አገሮች ተሸጠ፤ ወደ እኛም አገር በብዛት ገባ። የእኛው ላይ ከጥይት ማጉረሻው አጠገብ የሴንት ኤቲየን ፋብሪካ ማኅተም በቀጭኑ ተቀርጾ ይታያል። ቤተሰቡ ጠመንጃውን ከዓድዋ ዘመቻ ጋር ያያይዘዋል። ማኅተሙ ከዘመኑ ጋር ይስማማል፤ ከዚህ የበለጠ ግን ብረቱን ማናገር አልፈልግም።

ሰደፉ አንገቱ ላይ ተሰንጥቋል። ስንጥቁን ጠፍሮ የያዘው እርጥብ ሳለ ተሰፍቶ ሲደርቅ የጠበቀ ጥሬ ቆዳ ነው። በስፌቱ መካከል አንድ ቦታ ላይ ወስፌው ስቶ ሁለት ቀዳዳ ጎን ለጎን ወጥቷል፤ ጅማቱም እዚያ ላይ ደርቦ አልፏል። አክስቴ ስትዳስሰው «ልጄ፣ ይህን የሰፋው እኮ አባባ ራሱ ነው። በቅሎዋ ስትጥለው ተሰብሮበት ነው አሉ» አለችኝ።

ሰኞ ገበያ አካባቢ የሚሠራ አንድ የእንጨት ባለሙያ አይቶት፣ ቆዳውን አንሥቶ ስንጥቁን በኮላ ሊያጣብቅ፣ እንጨቱን በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ ቫርኒሽ ሊቀባ፣ ብረቱንም አጥቁሮ ሊያበራ እንደሚችል ነገረኝ። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው፤ የአጎቴም ልጅ በሐሳቡ ደስ አለው። እኔ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሳሰላስለው፣ ወረቀቱ ዝገቱን ብቻ ሳይሆን ማኅተሙንም እንደሚበላው፣ ቆዳው ከተነሣ ደግሞ ቤተሰባችን በዚህ ጠመንጃ ላይ የተወው ብቸኛ የእጅ ሥራ እንደሚጠፋ ታየኝ። ፋብሪካው የሠራው ውጅግራ በብዙ አገር ይገኛል፤ ቅድመ አያቴ የሰፉት ግን ይህ ብቻ ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992ም ቅርስ ከመታደሱ በፊት ፈቃድ እንዲጠየቅ ያዝዛል፤ ይህም አስቸኩሎኝ ከነበረው ሐሳብ መለሰኝ። የደሴ ሙዚየም በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ከተዘረፈ ወዲህ በየቤቱ የተረፈውን አሮጌ ዕቃ በግዴለሽነት መንካት ለእኔ ከባድ ነው።

መተኮስማ ፈጽሞ የሚታሰብ አይደለም። ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ብረት፣ ስንጥቅ ሰደፍ ላይ ተቀምጦ፣ ከፊት ጉንጭ ጋር ተጠግቶ ሊፈነዳ ይችላል።

ዝገቱን ግን ዝም ማለት አይገባም። ጠቆር ብሎ የረጋው ቡናማ ቀለም ብረቱን እምብዛም አይጎዳውም፤ ስትነኩት ጣት ላይ የሚቀረው ቀዩ ዱቄት ግን ገና እየበላ ያለ ነው። የጦሳ ጉም ክረምቱን ሙሉ ከተማችን ላይ ሲተኛ ጋቢው እርጥበቱን ይዞ ከብረቱ ጋር ያጣብቀው ነበር። ስለዚህ ጋቢውን አስወገድሁ፤ ቀዩን ዝገት ቀጭን የመሣሪያ ዘይት በነካ የጥጥ ጨርቅ ደጋግሜ ጠረግሁ፤ ጠመንጃውንም ነፋስ በሚያገኝ ደረቅ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፍሁበት። ቆዳውን ዘይት አላስነካሁትም፤ ዘይት ያላላዋልና።

ለባለሙያው ውሳኔዬን ስነግረው አልተቀየመም። ስንጥቁ እንዳይሰፋ ሰደፉ የሚያርፍበትን የእንጨት መደገፊያ እንዲሠራልኝ ለመንሁት፤ እርሱም ትናንት ልኩን ወሰደ።