የግቢው ብረት ምንድን ነው?

ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ አንድ ግቢ ውስጥ የቆመውን ብረት ዛሬ በደንብ ፎቶ አነሳሁት። ትልቅ ጎማ፣ ከጎኑ ጥርሳ ጥርስ፣ ከታች ረጃጅም እግሮች አሉት። ጎረቤቱ ሁሉ የየራሱን ግምት ይሰጣል። አንዱ «የማተሚያ ማሽን ነው» ይላል፣ ሌላው «የሥጋ መፍጫ»። የግቢው ባለቤት እትዬ ግን «የአባቴ ነው፤ ለፈረሶቹ ነበር» ይላሉ።

እንዲህ ያለ ነገር አይቼ ማለፍ አልችልም። የድሮ የእርሻ መሣሪያ መሃል ከተማ ከተገኘ ብዙ አይቆይም። ቁራሌው በኪሎ ገዝቶ ይወስደዋል። ምናለሽ ተራ ደርሶ ይቆራረጥና ምድጃ ወይም መጥበሻ ይሆናል። የምናለሽ ተራ ባለሙያዎች እጅ የሚደነቅ ነው፣ እሱን አልነቅፍም። ከመቆረጡ በፊት ግን ምን እንደነበር ቢታወቅ ምን አለበት?

ብዙ ሰው ሙሉውን ከፊት ለፊት ፎቶ አንስቶ ይበቃኛል ይላል። አይበቃም። ዋናው ሥራው የሚሠራበት ቦታ ነው፤ እህሉ ወይ ሳሩ የሚገባበት፣ የሚቆረጥበት፣ የሚወጣበት። መጠኑ እንዲታወቅ አጠገቡ ሜትር ይዘረጋል። ጽሑፍ ካለ ብርሃኑ ከጎን መምጣት አለበት፤ የስልክ ባትሪ ይበቃል። ጠመኔ በአግድም ሲታሸበት ወጣ ያለው ፊደል ይነጣል። የሽቦ ብሩሽ ግን በጭራሽ! የቀረችውን ቀለም ይጠርጋታል፣ ቀለም ደግሞ ምስክር ነው።

ብሎኖቹ ላይ የ17 ሚሊሜትር ቁልፍም የ19ም በትክክል አልያዘም። የኢንች ነው ማለት ነው፤ ጣሊያን ደግሞ የሚለካው በሚሊሜትር ነው፤ ስለዚህ ጣሊያን ያመጣው ይሆናል የሚለውን የራሴን ግምት ተውኩት። ጠመኔው «ሞልደን» የሚል ቃል አወጣልኝ፤ ከበላዩ ደግሞ «ቤንታል»። ቤንታል እንግሊዝ አገር፣ ኤሴክስ ውስጥ፣ ሞልደን አጠገብ ሄይብሪጅ የነበረ ፋብሪካ ነው። ከድርቆሽ መቁረጫ እስከ ቡና መፈልፈያ ይሠራ ነበር።

ከሁሉ የገረመኝ ጎማው ነው። ዘንጎቹ ላይ ጎበጥ ያሉ ሁለት ስለቶች በብሎን ታስረዋል። መሃላቸው ከመሳል ብዛት ሳስቷል። ከጎማው ኋላ ጥርስ ያላቸው ሁለት ጥቅልሎች አሉ፤ ድርቆሹን እየነከሱ ወደ ስለቱ ይገፋሉ። በጥርሱ መሃል፣ የደረቀ ግራሶ ውስጥ፣ አንዲት የሣር ቁራጭ ተጣብቃ አገኘሁ። ጣት ተኩል አትሞላም። የድርቆሽ መቁረጫ ነው! እንዲህ ያለው ማሽን እጅ እየቆረጠ ስላስቸገረ፣ እንግሊዞች በሞተር ለሚዞረው በ1897 እ.ኤ.አ. የመከለያ ሕግ አውጥተውለታል።

ለእትዬ ስነግራቸው ፊታቸው በራ። ድርቆሹ ከሱሉልታ በአህያ ይመጣ ነበር አሉኝ። አባታቸው መዘውሩን ሲያዞሩ እሳቸውን አያስጠጓቸውም ነበር። የተቆረጠውን ግን ከታች በቁና የሚያፍሱት እሳቸው ነበሩ።

ሣሩ የሚገባበት የእንጨት ገንዳ በስብሶ ጠፍቷል፤ ሰው ማሽኑን ያላወቀው ለዚህ ይመስለኛል። አናጺ ቢሠራው ብዬ የቀረውን ልኬት ወሰድኩ። ርዝመቱን እትዬን ጠየቅኳቸው። «ከእኔ ይረዝም ነበር» አሉኝ። ያኔ ስንት ዓመታቸው እንደነበር ነገ እጠይቃቸዋለሁ።