ባሕር ዳር ላይ ፒሊንግ ከመሠራታችሁ በፊት

ሁሉም ያስፈራራኝ በቦቶክስ ነበር። «ፊትሽ ይደርቃል፤ መሳቅ ያቅትሻል» ያላለኝ የለም። አዲስ አበባ ሄጄ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ቅንድቦቼ መሀል ተወጋሁ፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የተኮሳተርኩ የሚያስመስለኝ መስመር ጠፋ። መድኃኒቱ ጡንቻውን ለጊዜው ስለሚያዝለው ከ3 እስከ 4 ወር ቆይቶ ይለቃል። ስለ ቦቶክስ ያለኝ ወሬ ይኸው ነው።

ጉዴ የፈላው እዚሁ ባሕር ዳር፣ ማንም ከቁም ነገር በማይቆጥረው ፒሊንግ ነው፤ የፊትን የላይኛውን ቆዳ በአሲድ መላጥ ማለት ነው።

ጣና ዳር ነው የምነግደው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ፀሐይዋ ከላይም ከውሃውም ትመጣለች። ጉንጬ ላይ ማድያት ቢጤ ከመስመር ጋር ሲጀማምረኝ አንድ የውበት ሳሎን ገባሁ። «እትዬ፣ ቀለል ያለ ነው፤ ሳምንት ሳይሞላው ፊትዎ ይፈካል» አለችኝ ልጅቷ። መለያ ወረቀቱ የተላጠ ትንሽ ጠርሙስ አወጣች። ስንት ፐርሰንት እንደሆነ ብጠይቃት «ግላይኮሊክ ነው፣ ከውጭ የመጣ» አለች። 20 ፐርሰንቱም 70 ፐርሰንቱም ግላይኮሊክ ነው እኮ! ቀባችኝና ስልኳ ጠራ። ወሬው ሞቀ። ፊቴ ሚጥሚጣ እንደነሰነሱበት ሲንገበገብ «ያቃጥላል» ብላት፣ ስልኩን ከጆሮዋ ሳታወርድ «መሥራቱ ነው እትዬ» አለችኝ። ግላይኮሊክ አሲድ በራሱ አይቆምም፤ ሰዓት ተይዞ በማርከሻ ወይም በብዙ ውሃ መቆም አለበት። እሷ በእርጥብ ፎጣ ጠረግ አድርጋ ሸኘችኝ።

የተላጠው ቆዳ ሲድን ጉንጬ አጥንቱ ላይ ጠቆረ። እንደኛ ጠየም ያለ ቆዳ ሲቆጣ ቀለም ያመርታል፤ ቃጠሎው አልፎ ጥቁረቱ ለወራት ይቀራል። ስመለስ «ማስለቀቂያ» ብላ የሰጠችኝን ክሬም አገላብጬ ባነበው ክሎቤታሶል! ፊት የሚያሳሳ ኃይለኛ ስቴሮይድ። እዚያው ጠረጴዛዋ ላይ ትቼላት ወጣሁ።

አቤቱታዬንም ይዤ ሄድኩ። አንደኛው ቢሮ «እኛ የምንቆጣጠረው የጤና ተቋም ነው፤ ይሄ ሳሎን ነው» አለኝ። ሳሎኑን የፈቀደው ቢሮ ደግሞ «አሲድ ከሆነ የጤና ጉዳይ ነው» ብሎ ወደዚያው መለሰኝ። የጻፍኩትን ማመልከቻ አንዱ እንኳ ማኅተም አላደረገበትም። ሰው ፊቱን አቃጥሎ እየመጣ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ይባላል?

ያዳነኝ የቆዳ ሐኪም ያዘዘልኝ ሃይድሮኪኖን የሚባል ጥቁረት የሚያስለቅቅ ክሬም ነው፤ ለተወሰነ ጊዜ ብቻ፣ በክትትል። ከዚያ ማታ ማታ 0.025 ፐርሰንት ትሬቲኖይን፣ ከቫይታሚን ኤ ወገን የሆነ ቅባት። መስመሩንም ቀስ እያለ ያሳሳው ይኸው ርካሹ ነገር ነው፤ እርጉዝ ግን አትንካው። ሐኪሙ ሰንስክሪን (የፀሐይ መከላከያ ክሬም) በየሁለት ሰዓቱ ድገሚ ይላል፤ ገበያ ላይ የሚውል ሰው አያደርገውም። ጠዋት ቀለም ያለውን፣ አይረን ኦክሳይድ የገባበትን ወፈር አድርጋችሁ ተቀቡ፤ ከዚያ ጃንጥላ። «ሲድን ቀለል ያለ ፒሊንግ እንሞክራለን» ብሎኝም ነበር። እኔ አልሞክርም።

አሁን ደግሞ ፊለር፣ ቆዳ ሥር የሚወጋ መሙያ፣ አስሞዪ የሚሉኝ አሉ። የሃያሉሮኒክ አሲድ ፊለር የደም ሥር ከዘጋ ሃያሉሮኒዴዝ የሚባል ማሟሚያ አለው። ማሟሚያውን ከነማብቂያ ቀኑ አውጥቶ ያላሳየኝ ቤት ፊቴን አይነካም።