በሁለት ረድፍ መካከል የገባው ሞተረኛና የእኔ 15 ደቂቃ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በድሬዳዋ ከተማ በአንድ የመድኃኒት አከፋፋይ ድርጅት የስምሪት ኃላፊ ሆኜ እሠራ ነበር። በሥሬ የነበሩት አምስት ሞተረኞች ሳቢያን ከሚገኘው መጋዘን መድኃኒት እየተረከቡ በከዚራና በመጋላ ላሉ ፋርማሲዎች ያደርሱ ነበር። ከሚያደርሱት አንዱ ኢንሱሊን ነው፤ ኢንሱሊን ደግሞ መጋዘን ውስጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ቅዝቃዜ የሚቀመጥ በመሆኑ የድሬን ሙቀት ፈርቼ መመሪያ አወጣሁ፦ የበረዶ ሣጥን የጫነ ሞተረኛ ከስምሪት ክፍል በወጣ በ15 ደቂቃ ውስጥ መጋላ መድረስ አለበት። ይህን ቁጥር የነገረኝ ባለሙያ አልነበረም። አንድ እሑድ ማለዳ ራሴ በሞተር ሄጄ 12 ደቂቃ ስለፈጀብኝ፣ ሦስት ደቂቃ እንደ ምጽዋት ጨምሬ የጻፍኩት ነው።

በሰኔ ወር አንድ ሐሙስ፣ ረፋድ 5 ሰዓት ገደማ፣ ከሞተረኞቹ በዕድሜ ትንሹ የበረዶ ሣጥኑን አስሮ ወጣ። ድሬን የሚያውቅ ሰው ያ ሰዓት ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል፤ ከቀትር ሙቀት በፊት ጉዳዩን ሊጨርስ የሚፈልግ ሁሉ መንገድ ላይ ነው። ከተማዋን ለሁለት የሚከፍለው የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን የዓመት ክፍል ደረቅ አሸዋ ስለሆነ እግረኛው ባሻው በኩል ይሻገረዋል፤ መኪናው ግን ወደ ድልድዩ መምጣቱ ግድ ነው፤ ሰልፉም የሚጀምረው እዚያ ነው። በዚያ ቀን መኪኖቹ በሁለት ረድፍ ቆመው ነበር፤ በቀኝ አንድ አይሱዙ፣ በግራ አንድ ፒክአፕ፣ በመካከላቸውም ከአንድ ሜትር ብዙም ያልበለጠ ክፍተት። ልጃችን በክፍተቱ ገባ። ፒክአፑ ጋቢና ውስጥ የነበሩ እናት ሰልፉ አልንቀሳቀስ ሲላቸው በእግራቸው ለመሄድ ወስነው የቀኙን በር ከፈቱ።

ልጁ ከበሩ ጋር ተጋጨ፤ የእጁ አንጓ ተሰበረ፤ የሄልሜቱ ጎን ተሰነጠቀ። ሴትዮዋ ከልጁ በላይ ደንግጠው መንገዱ ዳር ተቀምጠው ሲያለቅሱ አገኘኋቸው፤ «ልጄን ገደልኩት» ይላሉ፤ እሱ ደግሞ ባልተሰበረው እጁ ሣጥኑን እያሳየኝ «ጋሼ፣ መድኃኒቱ ደህና ነው፤ ሰው ይላክለት» ይለኛል። ይህች ንግግር ለብዙ ሌሊት እንቅልፍ ነሥታኛለች።

በማግሥቱ በተደረገው ስብሰባ ሥራ አስኪያጃችን ከእንግዲህ በመኪኖች መካከል ሲያልፍ የተገኘ ሞተረኛ ከሥራ ይሰናበታል የሚል ውሳኔ ይዘው ቀረቡ። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ሞተር ሳይክሎችን ከፈቃድ ውጭ እንዳይንቀሳቀሱ መከልከሏን አንሥተው፣ ምንም እንኳ የዚያ ክልከላ ዋና ምክንያት ወንጀል ቢሆንም፣ ሞተረኛ ሲያጠፋ ቅጣቱ ለሁሉም እንደሚተርፍ ተናገሩ። እኔም ራሴን አወዛወዝኩ። ጥፋቱ የልጁ ከሆነ የእኔ መመሪያ አይነሣም፤ ያን ጊዜ ይህን ለራሴ እንኳ አልነገርኩትም።

የተቃወመው ነባሩ ሞተረኛ ብቻ ነበር። «አቦ ጋሼ፣ ከአይሱዙ ኋላ ቆሜ፣ ከኋላዬ ፍሬኑ የላላ ባጃጅ ሲመጣ በስፖኪዮ እያየሁ ሞቴን ልጠብቅ?» አለኝ። ባለፈው ዓመት በደንቡ መሠረት ተሰልፎ ሳለ አንድ ባጃጅ ከኋላ ገጭቶት እንደነበር አስታወሰኝ። የሞተሮቻችን ሞተር የሚቀዘቅዘው በነፋስ እንደሆነና ድሬ ፀሐይ ላይ ቆሞ ሲሠራ እንደሚግልም ጨመረ። ክርክሩ ከስንፍና የመጣ አልነበረምና ወደ ቤቴ ገብቼ ማንበብ ጀመርኩ።

የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ጥናት 6,000 ገደማ አደጋ የደረሰባቸውን ሞተረኞች መርምረው፣ በረድፍ መካከል ሲያልፉ ከነበሩት ከኋላ የተገጩት 2.6 በመቶ ሲሆኑ ከሌሎቹ ግን 4.6 በመቶ እንደሆኑ አግኝተዋል። ስለዚህ ነባሩ ሞተረኛ እውነት አለው። ነገር ግን ያው ጥናት ጥቅሙ የሚታየው የሞተሩ ፍጥነት ከዙሪያው መኪኖች በሰዓት 24 ኪሎ ሜትር ካልበለጠ እንደሆነ ይናገራል። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣ ሕግ መኪኖቹ እየተንቀሳቀሱም ቢሆን ማለፍን ፈቅዳለች፤ ሌላዋ የአሜሪካ ግዛት ዩታ በ2019 የፈቀደችው ግን መኪኖቹ ፈጽመው ሲቆሙና ሞተሩ ከ24 ኪሎ ሜትር ሳያልፍ ነው፤ የአውስትራሊያዋ ኒው ሳውዝ ዌልስ ከ2014 ጀምሮ ጣሪያውን 30 አድርጋለች። ባጃጁ ያለ ፍሬቻ በሚታጠፍበት፣ ፍየል በድንገት በምትሻገርበት ከተማ የካሊፎርኒያው መንገድ ለእኛ አይሆንም ባይ ነኝ፤ በቆሙ መኪኖች መካከል በዝግታ ማለፍ ግን ሌላ ነገር ነው።

ልጁ ሆስፒታል ሳለ ስንት ሲነዳ እንደነበር ጠይቄው ነበር፤ አርባ ገደማ አለኝ። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው በአንድ ሰከንድ 11 ሜትር ይጓዛል፤ በሩ የተከፈተው ስድስት ወይም ሰባት ሜትር ሲቀረው ነው፤ ፍሬን ለመያዝ ጣቱን ሳያንቀሳቅስ ደርሶበታል ማለት ነው። በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ቢሆን ኖሮ በአንድ ሰከንድ አራት ሜትር ያህል ብቻ ስለሚሄድ ቢያንስ ፍሬኑን ለመንካት ጊዜ ያገኝ ነበር። ታዲያ ለምን አርባ? ደግሜ ስጠይቀው ወደ ግድግዳው ዞረና ከመጋዘን ሲወጣ ከ15 ደቂቃው ስድስቱ አልቆ እንደነበር ነገረኝ።

ለካስ እኔ ሰዓቱን የምጽፈው ሞተረኛው ከስምሪት ክፍል ትእዛዝ ሲቀበል ነው፤ እሱ ግን ከዚያ በኋላ ደረሰኙ እስኪፈረም በመጋዘኑ መስኮት ላይ ይቆማል። በሚቀጥለው ሳምንት መስኮቱ አጠገብ ወንበር አስቀምጬ ቆጠርኩ። በአራት ቀን ውስጥ ሞተረኞቹ በአማካይ ስምንት ደቂቃ ቆሙ፤ አንድ ቀን ፈራሚዋ ሻይ ወጥታ 14 ደቂቃ ሆነ። ከነባሩ ሞተረኛ ጋር ተፈናጥጬ ስሄድ ደግሞ በመኪኖቹ መካከል በማለፍ የምናተርፈው ሦስት ወይም አራት ደቂቃ ብቻ ሆኖ አገኘሁት። ጠረጴዛ ላይ የጠፋውን ጊዜ ልጆቹ በደቻቱ ድልድይ ላይ በአጥንታቸው ይከፍሉ ነበር።

የባሰው ግን ፋርማሲስታችን የነገረችኝ ነው። በአግባቡ የታሸገ የበረዶ ሣጥን በድሬ ሙቀትም ቢሆን ቅዝቃዜውን ለሰዓታት እንደሚይዝ፣ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ይልቅ ኢንሱሊኑ ከበረዶው ጋር ተነካክቶ እንዳይረጋ እንደሆነ፣ ስለ 15 ደቂቃ ግን ማንም ጠይቋት እንደማያውቅ ስትነግረኝ የምገባበት ጠፋኝ።

ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገብቼ ስብሰባው ላይ የደበቅሁትን ተናገርኩ። ክልከላው ቀርቶ መኪኖቹ ፈጽመው ሲቆሙ ብቻ፣ በማንኛውም ሰው ሩጫ በሚቀደም ፍጥነት፣ ከአይሱዙ ጎን ሳይሆን ወደፊቱ በሚታይበት ክፍተት ማለፍ ይቻላል፤ ሰልፉ መንቀሳቀስ ከጀመረ ወደ ረድፍ መግባት ግዴታ ነው በሚል ተስማማን። ደረሰኙም ሞተረኛው ከመጠራቱ በፊት እንዲፈረም ሆነ። ትራፊክ ፖሊስ ቢያስቆማቸው ምን እንደምንል ግን ከሥራ አስኪያጁ ጋር እስክለቅ ድረስ እንደተከራከርን ነበር።

ልጁ ከሁለት ወር በላይ ቆይቶ ተመለሰ፤ አንጓው ጠዋት ጠዋት አልታዘዝ ይለዋል። የመጀመሪያውን የበረዶ ሣጥን ካሰረ በኋላ ሞተሩን አስነሥቶ ወደ መስኮቴ መጣና እንደ ድሮው «ጋሼ፣ ስንት ደቂቃ አለኝ?» አለ። በመዝገቡ ላይ የቀረ ቁጥር አልነበረም። ደረሰኙን ሰጠሁትና «ተፈርሟል፣ ሂድ» አልኩት፤ እሱ ግን ቁጥሩን ሲጠብቅ ትንሽ ቆመ።