ዳለቻዋና መስኮቱ

ዛሬ ከቀትር በኋላ ጀምሮ ምክንያቱን የማላውቀው መከፋት ተጭኖኝ ዋለ። ያስቀየመኝ ሰው የለም፣ የቀረብኝም ነገር የለም፤ ብቻ በግንብ በታጠረው የሐረር ጀጎል ጠባብ መንገድ ሁሉ መጨረሻው ግድግዳ መስሎ የሚታይበት ዓይነት ቀን አለ፣ እዚህ የኖረ ሰው ያውቀዋል። ማስታወሻውን የከፈትኩት ስለዚሁ ስሜት ልጽፍ ነበር። ዳለቻዋ ግልገል ድመቴ ግን ገጹ ላይ ወጥታ ተጋደመች። ብዕሩ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ጫፉን በፊት እግሯ ትመታዋለች፤ ሲቆም ደግሞ አገጯን ወረቀቱ ላይ አስተኝታ፣ ወገቧን ዝቅ አድርጋ፣ ቂጧን ግራና ቀኝ እየነቀነቀች ታደባበታለች። እንዲህ እየታደነ ስለ ሌላ ነገር መጻፍ የሚችል ብዕር የለኝም።

እኛ ቤት ድመት ጠፍቶ አያውቅም፤ ድመት ያሳደገ ሰው ግን አልነበረም። ድመት በእናቴ ግቢ ደመወዙ አይጥ የሆነ ሠራተኛ ነበር። ከማዕድ የተረፈው ፍትፍት ይጣልለታል፣ ሲታመም ራሱ ጥግ ፈልጎ ይተኛል፣ ሲጠፋ «ጅብ በላው» ይባላል፣ ሰንብቶ ሌላ ይመጣል። ማናችንም ክፉ አልነበርንም፤ ጉዳዩ የእኛ መሆኑን የነገረን አልነበረም እንጂ። ስለዚህ «የመጀመሪያ ድመቴ ናት» ስል የሚያውቁኝ ሰዎች ቢስቁ አልፈርድባቸውም።

እናቷ ወንድሜ ቤት፣ ዕቃ ክፍሉ ውስጥ ከወለደቻት ጊዜ ጀምሮ ዓይኗ እንኳ ሳይገለጥ «ነይና ውሰጃት» ይለኝ ነበር። ስምንት ሳምንት እስኪሞላት ከእናቷ እንዳይለያት ለመንኩት። የድመት ግልገል በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የገዛ ሰውነቷን ሙቀት መጠበቅ አትችልም፣ እናቷ ካልላሰቻት ሽንቷን እንኳ መሽናት አትችልም፤ ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላም ቢሆን ከወንድም እህቶቿ የምትማረው ነገር አለ። ሲታገሉ አንዷ አጥብቃ ስትነክስ የተነከሰችው ጮኻ ጨዋታውን ትተዋለች፣ ነካሿም ጥርሷን መመጠን ትለምዳለች። ያለ ጊዜዋ ብትመጣብኝ ኖሮ ይህን ትምህርት የምትማረው በእኔ እጅ ላይ ነበር። አሁንም ቢሆን እጄን መጫወቻ አላደርግላትም፤ ከእንጨት ጫፍ ላይ ጨርቅ በክር አስሬ አጫውታታለሁ፣ ስንጨርስም ክሩን ሳጥን ውስጥ እቆልፋለሁ፣ የተዋጠ ክር የድመትን አንጀት ሰብስቦ ሊቆርጥ ይችላልና።

ግድግዳ የሚያዋስኑን፣ አዴ የምንላቸው ጎረቤት የድመቷን መምጣት የሰሙ ዕለት የግመል ወተት በብርጭቆ ይዘው መጡ። እሳቸው እንግዳን በባዶ እጅ አይቀበሉም፣ እንግዳዋ ባለ አራት እግር ብትሆንም። ወተቱን አመስግኜ ተቀበልኩና ለራሴ ጠጣሁት። «ልጄ፣ ለእሷ እኮ ነው ያመጣሁት» አሉኝ። ጡት ከተወች በኋላ በወተት ውስጥ ያለውን ላክቶስ የሚባል ስኳር የመፍጨት አቅሟ እየቀነሰ እንደሚሄድ፣ የላምም ይሁን የግመል ወተት ተቅማጥ ሊያስይዛት እንደሚችል፣ ይህችን የምታህል ፍጥረት ደግሞ ተቅማጥ ውሃዋን በፍጥነት አድርቆ ሊገድላት እንደሚችል ዘርዝሬ አስረዳኋቸው። በትዕግሥት አዳመጡኝ። «እኔ ያሳደግኳቸው ሁሉ ጠጥተው ነው ያደጉት» አሉ። ሳያድጉ የቀሩትን ልጠይቃቸው ብዬ ተውኩት።

የምግቡ ነገር ከወተቱም ይከብዳል። መሠረቱ ከአዲስ አበባ የሚላክልኝ ለግልገል የተዘጋጀ ደረቅ ምግብ ነው፤ ሥጋ ብቻውን ካልሲየም ስለሚያንሰው በሥጋ ብቻ የምታድግ ድመት አጥንቷ ይልፈሰፈሳልና። በላዩ ላይ ጨውም በርበሬም ያልነካው ቅቅል ሥጋ እጨምርላታለሁ። ድመት ሰውነቷ በበቂ መጠን ሊሠራው የማይችል ታውሪን የሚባል ንጥረ ነገር ያስፈልጋታል፤ የሚገኘውም ከሥጋ፣ በተለይ ከልብ ነው። ሲጎድልባት ዓይኗ ይጠፋል፣ ልቧም ይደክማል። የልቡን ጉዳይ ተመራማሪዎች የደረሱበት እ.ኤ.አ. በ1987 ነው፤ ከዚያ በፊት የፋብሪካ ምግብ የሚመገቡ ድመቶች ሳይቀሩ ልባቸው እየሰፋ ይሞቱ ነበር። ታውሪን ወደ መቀቀያው ውሃ ስለሚወጣ መረቁንም አልደፋውም። ሥጋ ሻጩን «የግመል ልብ ትንሽ ቁረጥልኝ፣ ለድመት ነው» ስለው «ለአንቺም ልብ ይስጥሽ» ብሎ ቆረጠልኝ።

እውነቱን ለመናገር፣ እንቅልፍ የነሳኝ ሽንኩርቱ ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ ጥሬውም የበሰለውም፣ የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል። እናቴ ቤት ደግሞ ሽንኩርት ያልገባበት ወጥ ተሠርቶ አያውቅም። በዓመት በዓል የዶሮ ወጥ ድልህ በእንጀራ አቅልመን የምንጥልላቸው እነዚያ ሁሉ ድመቶች፣ በማግስቱ ጥላ ሥር ተኝተው ስናይ «ጠግባ ነው» እንል ነበር። አሁን ማጠቢያው ሥር የሚወድቀውን የሽንኩርት ልጣጭ ሳይቀር እለቅማለሁ። ፓራሲታሞሉንም ከራስጌዬ አንስቼ ቁም ሣጥን ውስጥ አስገብቻለሁ፤ ለእኔ ራስ ምታት የማይበቃው አንድ ፍሬ እሷን ለመግደል ይበቃል።

ክብደቷን የምትለካው ሱቅ ነው። ባለሱቁ ስኳር የሚመዝንበትን ሚዛን ጠርጎ፣ ጋዜጣ አንጥፎ ያስቀምጣታል፤ መርፌው እስኪረጋ እሷ አትረጋም፤ እሱም «ይቺስ ራሷ ናት የምታጭበረብር» ይላል። በዚህ ዕድሜ በሳምንት 100 ግራም ገደማ ከጨመረች ደህና ናት ማለት ነው። ቁጥሩን ሲነግረኝ የሚሰማኝን ኩራት ግን ለማንም አልተናገርኩም።

የወንድሜ ሚስት ነፍሰ ጡር በመሆኗ እኔ ዘንድ መምጣት ትታለች፤ ድመት ያስወርዳል ብለዋታል። የሚፈራው በሽታ እውነት ነው፣ ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ተሐዋሲ በተያዘች ድመት ዓይነ ምድር ይወጣል፤ ነገር ግን ለመተላለፍ የሚበቃው ከወጣ በኋላ ቢያንስ አንድ ቀን ቆይቶ ስለሆነ የምትጸዳዳበትን አሸዋ በየቀኑ የሚጠርግ ሌላ ሰው ካለ ብዙው ስጋት ይቀላል። ያው ተሐዋሲ በጥሬ ሥጋና ባልታጠበ ሰላጣም ይገባል። ድመቷ ከቤተ ዘመድ ስትታገድ ክትፎውን ማንም አልጠረጠረውም።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቷ ሦስት ወር ሲሞላት ነው። በአገራችን የእብድ ውሻ በሽታ ባብዛኛው ከውሻ የሚመጣ ቢሆንም ድመትም ይዟት ታስተላልፋለች፤ ያልታወቀ ድመት ወይም ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ አጥቦ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። ይህን የነገረኝ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና የተማረው የአክስቴ ልጅ ነው። ቀኑንም የመዘገበልኝ እሱ ነው፤ ከዚያው ጋር ሌላ ቀንም መዝግቧል፣ ወደዚያ እመጣለሁ።

ምክንያቱም ነገሩ ሁሉ የሚዞረው ወደ ሌሊቱ ነው። ከተማችን ለጅብ ያላትን ክብር እንግዳ ሰው አይረዳውም። ምሽት ምሽት ከግንቡ ውጭ ሥጋ ይጎርሳል፣ ለአሹራ በዓል ቅቤ የጠገበ ገንፎ ይቀርብለታል፣ በግንቡ ሥር ባለው ቀዳዳ ገብቶም ቆሻሻችንን ያጸዳልናል። እኔም ይህን እወደው ነበር። ዳለቻዋ ከመጣች ወዲህ ግን ማታ ድምፁ ሲሰማ የማየው የእሷን ጆሮ ነው፤ መጀመሪያ አንዱ ብቻ ወደ መስኮቱ ይዞራል፣ ቀጥሎ ሁለቱም ወደ ኋላ ይታጠፋሉ። ጅብ አይታ አታውቅም። መስኮቱን እዘጋለሁ። ጧት ስነሳ ደፉ ላይ ተቀምጣ፣ አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ ለጥፋ፣ ወደ ጎረቤት ጣሪያ ስታይ አገኛታለሁ፤ ትንፋሿ የሠራው የጉም ክብ አፍንጫዋ ሥር ይሰፋል፣ ይጠባል።

ይህን ለአዴ ብነግራቸው ነቢዩ ሙሐመድ ስለ አንዲት ሴት የተናገሩትን አጫወቱኝ። ሴትዮዋ ድመት አሰረች፤ አላበላቻትም፣ የምድር ተንቀሳቃሽ ለቅማ እንድትበላም አልለቀቀቻትም፤ በዚህም ምክንያት እሳት ገባች። አዴ ይህን የነገሩኝ ሊያመሰግኑኝ ነው፤ «አንቺ ግን ታበያለሽ» ብለው መረቁኝ። እኔ ደግሞ የሌላ ሃይማኖት ልጅ ሆኜ፣ ምርቃቱን ተቀብዬ፣ ከዚያ ወዲህ ነገሩን እንደ ዳኛ እያገላበጥኩ ነው። የሴትዮዋ ጥፋት ሁለቱንም በር መዝጋቷ ነው፤ ወይ ማብላት ወይ መልቀቅ ነበረባት። እናቴ ቤት መልቀቁን ጠብቀን ማብላቱን ቸል ያልን ነን፤ አላሰርንም፣ የጅቡ ግን ተጠያቂ ማን ነው? እኔ ደግሞ እያበላሁ አሰርኩ። በግመል ልብ የተገዛ እስራት እስራት አይደለም የሚል የትም አልተጻፈም። አስሮ ማብላት ጽድቅ ይሁን ወይም የተሻለ ምግብ ያለበት ወህኒ ብቻ፣ አዴን ብጠይቃቸው «ልጄ፣ ሥራ ፈተሻል» ነው የሚሉኝ።

የአክስቴ ልጅ የመዘገበው ሁለተኛው ቀን የማምከኛዋ ነው፤ ከአራት እስከ አምስት ወር ባለው ጊዜ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንድ ሳትፈልግ ቢሆን ይመረጣል ብሎኛል። ምክንያቱ የተሟላ ነው። ድመት የምታረግዘው ለዘጠኝ ሳምንት ገደማ ነው፣ እያጠባችም መልሳ ልታረግዝ ትችላለች፣ የሚወለዱት ሁሉ ቤት ስለማያገኙ መጨረሻቸው ያው የግንቡ ቀዳዳ አካባቢ ነው። በዚህ ሁሉ እስማማለሁ፣ ቀኑንም አልሰርዝም። «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» ይላሉ፤ እኔ ሳትጠየቅ በሐኪም ላመነኩሳት ነው። ስለ እሷ የወሰንኩት ሁሉ ለእሷ ብዬ ነው፤ አንዱንም ግን እሷን ብጠይቃት እሺ የምትል አይመስለኝም፣ ከግመሉ ልብ በቀር።

ለጊዜው የደረስኩበት ስምምነት መስኮቱን በሽቦ ወንፊት ማስመታት ነው፤ መስታወቱ ተከፍቶ ነፋሱንና ሽታውን ታግኝ፣ ጣሪያውንም በግልጽ ትይ። ዛሬ ሊመሻሽ ሲል አናጢው መጥቶ ለካ። ልጅ እግር ነው፣ ሥራውን ግን ያውቃል። «እትዬ፣ ለሌባ ነው ለትንኝ?» አለኝ። ለድመት ነው አልኩት። ሜትሩን አጠፈና ትንሽ አሰበ፤ ከዚያም ሚስማሩ በየትኛው በኩል እንደሚመታ ለመወሰን እንደሆነ ገልጾ፣ በፍጹም ቁም ነገር፣ «እንዳትወጣ ነው ወይስ እንዳይገባባት?» ብሎ ጠየቀኝ።

ለሁለቱም ነው አልኩት።

«ለሁለቱም ከሆነ ሒሳቡ ሌላ ነው» አለኝ።