ለዳስ በዓል፦ ልጆችን ይዞ ወደ ቂሣርያ

ወዳጆቻችንና ተከታዮቻችን፣ እንኳን ለዳስ በዓል በሰላም አደረሳችሁ! ሐግ ሳሜአሕ (በዕብራይስጥ መልካም በዓል)!

ይህን በዓል ልጅ የሚረዳው በጆሮው ብቻ አይደለም። ኦሪት ዘሌዋውያን ሰባት ቀን በዳስ ተቀመጡ ሲል ምክንያቱንም ይነግራል፤ ከግብፅ የወጡት አባቶች በዳስ እንደኖሩ ተከታዩ ትውልድ እንዲያውቅ ነው። ልጁ ቅጠል ሲያቀብል፣ ማታ በጣሪያው ክፍተት ኮከብ ሲያይ ነገሩ ይገባዋል። ጥንታዊ ከተማንም ለልጅ ማሳየት ያለብን እንዲሁ፣ እየነካና እየሮጠ ነው ብለን እናምናለን። በሖል ሃሞዔድ፣ ማለትም በበዓሉ መካከል ባሉት ቀናት፣ ትምህርት ቤት ዝግ ነው፤ የነሐሴ ሙቀትም በርዷል። ስለዚህ ዘንድሮ በእስራኤል የሜዲትራኒያን ባሕር ዳርቻ ያለችውን ጥንታዊቷን ቂሣርያ ምረጡ እንላለን።

ሄሮድስ ከተማዋን መገንባት የጀመረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ22 ገደማ ነው፤ ስሟም ለአውግስጦስ ቄሣር ክብር የተሰጠ ነው። ዳርቻው ተፈጥሯዊ ወደብ ስላልነበረው ወደቡን ባሕር ውስጥ ሠሩት። ከጣልያን የመጣ የእሳተ ገሞራ አመድ ከኖራ ጋር ሲቀላቀል ውሃ ውስጥ ይደነድናል። የእንጨት ሣጥን እያሰጠሙ በዚያ ሞሉት። ዛሬ ግን አብዛኛው ወደብ ከባሕር በታች ነው፤ መሠረቱ አሸዋ ላይ ነበር፣ ማዕበልና የመሬት መንቀጥቀጥም አልማሩትም። በቅጠል ዳስ ውስጥ ላደረ ልጅ ይህ ወሬ ጣፋጭ ነው፤ ብዙ ይጠይቃችኋል።

ከኢትዮጵያ ለሚመጡ ክርስቲያን እንግዶች ደግሞ ቦታው ሌላ ትርጉም አለው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የሕንደኬን ጃንደረባ ያጠመቀው ፊልጶስ እየሰበከ የደረሰው እዚህ ነው። በምዕራፍ 21 ቤቱም አራት ሴቶች ልጆቹም እዚሁ ይገኛሉ።

አሁን ወደ አካሄዱ። በበዓሉ ሳምንት ሕዝቡ ብዙ ስለሆነ መግቢያውን በኢንተርኔት አስቀድማችሁ ያዙ፤ በሩ እንደተከፈተም ግቡ። የምንመክረው የደቡቡን በር፣ ቴአትሩ አጠገብ ያለውን ነው። ጥላ የሌለው ክፍል እዚያ ስለሆነ በጠዋት ማለፉ ይሻላል፤ ሣርና ምግብ ቤት ያለው ወደቡ ጋ ነው። እዚያ ስትደርሱ መኪናው ወደ ኋላ ይቀራል፤ ከአዋቂዎቹ አንዱ ተመልሶ ወደ ሰሜኑ በር ያምጣው። የደከመ ሕፃን ይዞ በቀትር ያንን መንገድ መመለስ የስንቱን ቀን አበላሽቷል!

ጋሪ አትመኑ፤ ጎማው አሸዋ ውስጥ ይቀበራል፣ ደረጃውም አያስኬድም። አንቀልባ ያላችሁ አንቀልባ ያዙ። ለእያንዳንዱ ልጅ ቢያንስ 1 ሊትር ውሃ፣ ኮፍያና ቅያሪ ልብስ ያስፈልጋል። ለስንቅ ዳቦ፣ ቅቅል እንቁላልና ሙዝ ይበቃል። ቆሎ ከ5 ዓመት በታች ላለ ልጅ አትስጡ፣ በተለይ በሚሄድ መኪና ውስጥ፤ ያንቀዋል።

ልጆች የሚወዱት የፈረስ መወዳደሪያውን ነው። ርዝመቱ ወደ 250 ሜትር ይደርሳል፤ ሠረገሎቹ ሰባት ጊዜ ይዞሩ ነበር። ለአራት ዓመት ልጅ አንድ ጊዜ እስከ መሐል መሮጥ ይበቃዋል። እ.ኤ.አ. በ1961 በቴአትሩ የተገኘው የጲላጦስ ስም ያለበት ድንጋይ ኢየሩሳሌም በሚገኘው የእስራኤል ሙዚየም ነው፤ እዚህ የምታዩት ቅጂውን ነው። በድንጋዮቹ ጽሑፍ ላይ ግን ብዙ አትቆዩ፤ ልጆች ይሰለቻሉ።

ከዚያ በመኪና ወደ ሰሜን፣ ከቀርሜሎስ ተራራ ግርጌ ውሃ ያመጣ ወደነበረው ቅስታማ ቦይ ሂዱ፤ መግቢያው ነፃ ነው። ባልዲና አካፋ የሚያስፈልጋችሁ እዚህ ነው። እርጥብ አሸዋ ላይ 2 ሜትር ያህል ቦይ ቆፍሩና ልጆቹ ውሃ ያፍስሱ። ቁልቁለቱ ከበዛ ውሃው አሸዋውን ይንደዋል፤ ካነሰ እዚያው ይቆምና ይሰርጋል። ሁለት ሦስት ጊዜ ሲያስተካክሉት የሮማ መሐንዲሶች ምን ላይ ይጨነቁ እንደነበር ራሳቸው ይነግሯችኋል።

ነፍስ አድን በሌለበት ግን ልጅ ባሕር አይግባ፤ ከላይ ጸጥ ያለ የሚመስል ውሃ ከሥር ይጎትታል። ነፍስ አድን ባለበት ዳርቻ ባንዲራውን እዩ፦ ነጭ ሰላም፣ ቀይ አደጋ፣ ጥቁር ክልክል ነው።

ከቂሣርያ በስተሰሜን ያለችውን ጥንታዊ የወደብ ከተማ ዓኮን በዚያው ቀን አትጨምሩ። በዚያ ያለው የቴምፕላሮች (የመስቀል ጦርነት ዘመን መነኮሳት ወታደሮች) ዋሻ፣ እ.ኤ.አ. በ1994 በተደፈነ ፍሳሽ ሰበብ የተገኘው፣ የራሱ ቀን ይገባዋል። ጣሪያው ዝቅ የሚልበት ቦታ ስላለ ሕፃን በጀርባ የያዘ ሰው ይጠንቀቅ፤ ጨለማ የሚፈራ ልጅ ባትሪ በእጁ ይያዝ። በባሕሩ ቅጥር ላይ ደግሞ የልጅ እጅ አይለቀቅ።

ፀሐይ 12 ሰዓት ጥቂት አለፍ ሲል ትጠልቃለች። 10 ሰዓት ላይ ከተነሳችሁ ለራት ዳሳችሁ ውስጥ ትደርሳላችሁ። ጫማውን ውጭ አራግፉት።

መልካም የዳስ በዓል!