ገበሬውን «ቆጥብ» ከማለታችሁ በፊት

የገጠር የገንዘብ አያያዝ ስልጠና ላይ ተቀምጣችሁ ታውቃላችሁ? የቀበሌው አዳራሽ ይሞላል፣ ግድግዳው ላይ ትልልቅ ወረቀት ይለጠፋል፣ ከከተማ የመጣው ልጅ «የቁጠባ ባህላችን ደካማ ነው» ብሎ ይጀምራል። ሰዉ በትህትና ያዳምጣል። አበል ካለ አበሉን ተቀብሎ ወደ ከብቱ ይመለሳል። በቃ።

እኔ ይሄ ነገር ያናድደኛል። ገበሬው መቆጠብ ያውቃል። የሚቸግረው የብድር ሂሳብና «በየትኛው ወር ልሽጥ፣ በየትኛው ወር ልክፈል» የሚለው ሂሳብ ነው፤ ስልጠናው ደግሞ እዚያ ጋ ሲደርስ ሰዓት አልቋል።

ቁጠባውን እንይ። ጎተራ ውስጥ ያለው እህል ቁጠባ ነው። በረት ያለችው ጊደር ቁጠባ ናት። ልጅ ሲዳር ወይም ቤት ሲሰራ የሚቆረጠው የጓሮ ባህር ዛፍም እንደዚያው። አዊ ዞን፣ ፋግታ ለኮማ ሄዳችሁ ዲከረንስ የሚሉትን ዛፍ ብታዩ ደግሞ ትገረማላችሁ። ገበሬው አሲድ አጥቅቶት ምርት የቀነሰ ማሳው ላይ ችግኙን ይተክላል፣ በመጀመሪያው ዓመት እዚያው መሃሉ ላይ ጤፍ ይዘራል፣ ቀጥሎ ሳሩን እያጨደ ለከብት ይሰጣል፣ በአራት በአምስት ዓመቱ ዛፉን ቆርጦ ከሰል ያከስልና መሬቱን መልሶ ያርሳል። አምስት ዓመት ወደፊት አይቶ የሚያስብ ሰው ነው እንግዲህ «የዕቅድ ችግር አለበት» የሚባለው! በኋላ ዛፉ ላይ በሽታ ገባ። ያን ጊዜ ማሳውን በሙሉ ለዛፉ የሰጠ ሰውና ግማሹን ለእህል ያስቀረ ሰው እኩል አይጎዱም። ስልጠናው ማውራት የነበረበት ስለዚህ ነው።

አጎቴን አንዴ «ጋሼ፣ የበጎቹን ገንዘብ ለምን ባንክ አያስገቡትም?» አልኳቸው። «በጓ ትወልዳለች። ብሩ ምን ይወልዳል?» አሉኝ። ሂሳቡን ስሰራው ልክ ናቸው። በ2014 ዓ.ም የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ብሔራዊ ባንክ ለቁጠባ ያስቀመጠው ዝቅተኛ ወለድ ደግሞ ያኔ 7 በመቶ ነበር። 100 ብር ያስቀመጠ ሰው በዓመቱ 107 ብር ይዞ ከ130 ብር በላይ የገባ ዕቃ ፊት ይቆማል ማለት ነው። እና ይሄን ሰው ነው በግህን ሽጠህ ባንክ አስገባ የምንለው?

በግም በሽታ አለበት፣ ሌባ አለበት፣ ድርቅ ሲመጣ ሁሉም አንዴ ገበያ ሲያወጣው ዋጋው ይወድቃል። ደግሞ የበግ ሩብ አይሸጥም፤ ለደብተርና ለመድኃኒት ብር ነው የሚያስፈልገው። ስለዚህ ትንሽ በእጅ፣ ትንሽ በበረት፣ ትንሽ በጎተራ። ይሄን ብዙው ሰው ያለ ስልጠናም ያደርገዋል።

አሁን ወደ ብድር። አራጣ አበዳሪው «10 በመቶ» ይላል፣ የብድር ተቋሙ «18 በመቶ» ይላል። 10 ከ18 ያንሳል አይደል? የአራጣው ግን በወር ነው። በዓመት 120 በመቶ ሆነ። እህልም እንደዚያው ነው፤ በክረምት አንድ ኩንታል ወስዶ በመኸር አንድ ተኩል መመለስ ካለ፣ በስድስት ወር 50 በመቶ ከፈልክ ማለት ነው። አራጣ በሕግ ወንጀል መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ሆኖም ሌሊት ታማሚ ሲነሳ ገንዘብ የሚሰጥህ እሱ ነው፤ ፎርም የለም፣ የቡድን ዋስ የለም፣ «ነገ ተመለስ» የለም። ይሄን ሳይነኩ አራጣን መርገም ዋጋ የለውም።

ተቋሙም ቢሆን 18 በመቶ ሁሉ አንድ አይደለም። በግ የምታደልብ ወይም ጉሊት የምትነግድ ሴት 24,000 ብር ተበድራ በየወሩ ከዋናው 2,000 እየመለሰች በዓመት ትጨርሳለች እንበል። ወለዱ ሁልጊዜ በመጀመሪያው 24,000 ላይ የሚታሰብ ከሆነ 4,320 ብር ትከፍላለች። በቀረባት ዕዳ ላይ ብቻ ከታሰበ ግን 2,340። ወረቀቱ ላይ ሁለቱም «18 በመቶ» ነው። ልዩነቱ 1,980 ብር ነው፤ አንድ ጥያቄ ባለመጠየቅ ብቻ የሚሄድ። ጥያቄው «ወለዱ በዋናው ነው ወይስ በቀሪው?» ነው። ስልጠና ሁሉ ተረስቶ ይቺ ብትቀር እንኳ እኔ ረክቻለሁ።

ከሁሉም በላይ የሚቆጨኝ ግን የጥር ነገር ነው። ማዳበሪያውም፣ ብድሩም፣ ግብሩም እህል በሚወቃበት ሰሞን ይጠየቃል። ሁሉም ገበሬ በአንድ ሳምንት ጤፉን በአህያ ጭኖ ገበያ ይወጣል። ዋጋው ይወድቃላ! ነጋዴው ይሰበስባል፣ ክረምት ሲገባ ያወጣዋል፣ የሸጠው ገበሬ ራሱ አንዳንዴ በውድ ይገዛዋል።

በቁጥር ልስራው፤ ቁጥሮቹ ለምሳሌ ናቸው እንጂ የዘንድሮ ገበያ አይደሉም። አንድ ገበሬ አምስት ኩንታል ጤፍ አለው፣ 30,000 ብር ዕዳ አለበት እንበል። በጥር ኩንታሉ 10,000 ቢሆን ሦስት ኩንታል ሸጦ ይገላገላል። መክፈያው ወደ ሐምሌ ቢገፋለት፣ በወር 1.5 በመቶ ወለድ ለስድስት ወር 2,700 ይጨመርና ዕዳው 32,700 ይሆናል። በሐምሌ ኩንታሉ 12,500 ከገባ ግን ለዚያ ዕዳ 2 ኩንታል ከ62 ኪሎ ይበቃል። 38 ኪሎ ጤፍ ቤት ቀረ። ለአንድ ቤተሰብ የሳምንታት እንጀራ ነው። ነገር ግን ዋጋው 10,500 ላይ ከቆመ ከስሯል፤ ከሦስት ኩንታል በላይ ሊሸጥ ነው። መቆየቱ የሚያዋጣው ኩንታሉ ከ10,900 (32,700 ለሦስት ሲካፈል) በላይ ከወጣ ብቻ ነው። ያቺን 10,900 ራሱ አስልቶ ማግኘት የቻለ ገበሬ ነው ለእኔ የገንዘብ ትምህርት የገባው።

ጤፍ ደግሞ ነቀዝ አይደፍረውም፣ ይቆያል። በቆሎ ሌላ ጉዳይ ነው። በቆሎውን ለዋጋ ብሎ ያቆየ ሰው በክረምት ዱቄት ሆኖ ሊያገኘው ይችላል። ለዚህ ፒክስ የሚሉት አየር የማያስገባ ሦስት ንብርብር ከረጢት አለ፤ ነቀዙ አየር አጥቶ ይሞታል፣ መድኃኒትም አያስፈልግም። የከረጢቱ ዋጋም ሂሳቡ ውስጥ ይግባ።

ትምህርቱ በደንብ ሲገባ ያየሁት የሴቶች የቁጠባ ቡድን ውስጥ ነው። አሰራሩን ኬር የሚባለው ድርጅት በ1991 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ኒጀር ውስጥ ጀምሮት ወደ ብዙ አገር ሄዷል፣ ወደ እኛም መጥቷል። ሃያ ገደማ ሴቶች፣ አንድ ሳጥን፣ ሦስት ቁልፍ። ሳጥኑን የምታስቀምጠው ሴትዮ ቁልፍ አትይዝም፣ ቁልፍ የያዙት ሳጥን አያስቀምጡም። ማንበብ የማትችለዋ እማማም በደብተሯ ላይ የተመታውን ማህተም ቆጥራ ስንት የቁጠባ ድርሻ እንዳላት ታውቃለች። ከሳጥኑ ይበደራሉ፣ ወለዱ ሳጥኑ ውስጥ ይቀራል፣ በዓመቱ ለራሳቸው ይከፋፈሉታል። እቁብን የሚያውቅ ሰው ግማሹን መንገድ ሄዶታል። ወለድ ማለት ምን እንደሆነ ራሳቸው ከፍለው፣ ራሳቸው ተቀብለው ነው የሚማሩት። የመከፋፈያውን ጊዜም ራሳቸው ይወስናሉ፤ ለማዳበሪያ መግዣ ይድረስ ወይስ ለመስከረም ደብተር ይደረግ ብለው ሲከራከሩ ብትሰሙ የትኛውም ስልጠና አያክለውም።

ስለ ተዝካርና ሰርግ ስልጠናው ላይ ብዙ ይባላል። ተበድሮ መደገስ ያሳዝነኛል፣ አልክድም። ግን እድርና ማህበር ያለው ሰው በሬው ሲሞትበት ወይም ቤቱ ሲቃጠል ባዶውን አይቀርም። የገጠሩ ኢንሹራንስ እሱ ነው። ድግሱ ይቀነስ ማለትና ከሰው ይቆረጥ ማለት አይምታታ።

ስልክም ገብቷል። ቴሌብር ከ2013 ግንቦት ወዲህ ገጠር ድረስ ዘልቋል። «ሎተሪ ደርሶዎታል» የሚለውም ሌባ አብሮት ዘልቋል። የሚስጥር ቁጥሩን ለወኪሉ፣ ለጎረቤት ልጅ፣ ለጠየቀ ሁሉ የሚሰጥ ሰው ብዙ ነው። የስልክ ብድር ላይ ደግሞ «የአገልግሎት ክፍያ» የሚለውን እንደ ወለድ ቁጠሩት፤ ከኪስ የሚወጣ ብር ስሙ ምንም ቢሆን ብር ነው።

ይሄ ሁሉ ሆኖ ሂሳብ መሬት አይወልድም። ከአንድ ሄክታር በታች የሚያርስ ሰውና ምንም መሬት የሌለው ልጁ፣ ቢያሰሉም ቢያሰሉም ያው ናቸው። ድህነትን በስልጠና እናጠፋለን የሚለኝን አላምንም። አዋጅ 1147/2011 ከብትና ሰብል ሳይቀር በዋስትና እንዲያዝ ፈቅዷል፤ እንዲህ ያለው ነገር ገጠር ድረስ ሲሰራበት ያኔ ስልጠናውም ፍሬ ይኖረዋል።

ለጊዜው አንድ ነገር እጠይቃለሁ። አዳራሹ ውስጥ ሰልጣኙ ገበሬው ብቻ አይሁን፣ የብድር ኦፊሰሩም ከፊት ወንበር ይቀመጥ። የጤፏ ሂሳብ ትልቁ ወረቀት ላይ ትጻፍ። ከዚያ ገበሬዎቹ የመክፈያው ወር ለምን ጥር እንደሆነ ይጠይቁት፣ እሱም መልሱን ይዞ ለአለቆቹ ይውሰድ።